ማወቅ ብቻውን እግር አያጥብም

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል)

በእንጅባራ፣ በዳንግላ፣ በባንጃ፣ በአንከሻ፣ በፋግታ ለኮማ፣ በጓጉሳ ሽኩዳድና በሌሎቹም የአዊ ወረዳዎች ሆናችሁ የምታዳምጡን ሁሉ፣ የጤና ትምህርት ዝግጅታችን ጀምሯል። የዛሬው ጉዳያችን ብዙዎቻችን ከቤታችን ወይም ከጎረቤታችን የምናውቀው የእግር እብጠት፣ በተለምዶ ዝሆኔ የምንለው ሕመም ነው።

ስለ በሽታው ብቻ አይደለም የምንነጋገረው። ለሕመምተኛው የሚሰጠው ምክር ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፤ እግርህን ታጠብ፣ አድርቅ፣ ተቀባ፣ ጫማ አድርግ ይባላል። ይህ ምክር በአንዱ ቤት ፍሬ ሲያፈራ በሌላው ቤት ለምን ይቀራል? ብዙ ተመራማሪዎች ራስን ስለ መንከባከብ ያጠኑትን አንድ ላይ ሰብስቦ ለሚያይ ሰው መልሱ ምን ይመስላል? ይህንን ነው የምናየው። ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ በሽታውን እንወቀው። እግር የሚያብጥበት ምክንያት አንድ አይደለም። ትንኝ የሚያስተላልፈው ትል የሚያመጣው ዝሆኔ አለ፤ የሥጋ ደዌም እግርን ይጎዳል። እንደ እኛ ባለው ደጋ ግን በብዛት የሚታየው ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው ነው። ሐኪሙ ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሠራ ይህ በሽታ ከቀይ ሸክላ አፈር ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይቷል፤ ይህን ስም የሰጠውም እርሱ ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረው የዚህ አፈር ደቃቅ ብናኝ በባዶ እግር በኩል ወደ ቆዳ ይገባል። ከዚያም ሊምፍ የሚባለው ፈሳሽ የሚያልፍባቸውን ቀጫጭን ቱቦዎች እያስቆጣ ይዘጋቸዋል። መሄጃ ያጣው ፈሳሽ እግር ውስጥ ይጠራቀምና እግር ያብጣል።

በሽታው የሚገኘው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ ዝናብ በሚበዛበትና ቀይ አፈር ባለበት ቦታ ነው። እንጅባራን ተመልከቱ፤ ከፍታዋ ከ2,500 ሜትር ያልፋል፣ ዝናቧም አፈሯም የታወቀ ነው። በመላ አገሪቱ 1.5 ሚሊዮን ያህል አዋቂዎች በዚህ ሕመም እንደሚጠቁ ተገምቷል። በ2012 የታተመ በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም የተካሄደ ጥናት ደግሞ ከ100 አዋቂዎች ከ3 የሚበልጡት ሕመሙ እንዳለባቸው አግኝቷል።

ሁለት ነገር በደንብ ያዙልኝ። አንደኛ፣ ፖዶኮኒዮሲስ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አብሮ መብላት፣ አብሮ መተኛት፣ አንድ መታጠቢያ ሳፋ መጠቀም አያስይዝም። ሁለተኛ፣ "የዘር ነው" የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። በ2012 ይፋ የሆነ የዘረመል ጥናት አንዳንድ ሰዎች በተፈጥሯቸው ለዚህ አፈር ይበልጥ ተጋላጭ እንደሆኑ አሳይቷል። በዘር የሚመጣው ግን ተጋላጭነቱ እንጂ በሽታው አይደለም። ከልጅነቱ ጀምሮ እግሩ በጫማ የተጠበቀ ሰው ብናኙ አያገኘውም።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ሕመምተኛው ቤቱ ውስጥ ወደሚያደርገው እንክብካቤ እንምጣ። ማታ ከሥራ መልስ ነው እንበል። በሳፋ ንጹሕ ውሃ ይቀርባል፤ ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ይሁን እንጂ የሚያቃጥል አይደለም። እግር በሳሙና ይታጠባል። ያበጠ እግር እጥፋት ይኖረዋል፤ ቆሻሻው የሚደበቀው እዚያ እጥፋት ውስጥና በጣቶች መካከል ስለሆነ አንድ በአንድ፣ ሳይፈገፈግ በቀስታ ይታጠባል። የጤና ባለሙያ በነገራችሁ ልክ በረኪና ጠብ በተደረገበት ውሃ ጥቂት ደቂቃ ይዘፈዘፋል። ቀጥሎ በንጹሕ ጨርቅ ይደርቃል፤ በተለይ የጣቶች መካከል እርጥብ ሆኖ ከቀረ ቆዳው ይላጥና ለቁስል በር ይከፍታል። ሲደርቅ ቫዝሊን ይቀባል። ፋሻ የታዘዘለት በተማረው መሠረት ከጣት ወደ ላይ ይጠቀልላል። ቁጭ ሲል እግሩን ከፍ አድርጎ ያስቀምጣል፣ ቁርጭምጭሚቱን ያንቀሳቅሳል። ከቤት ሲወጣ ካልሲና እግሩን የሚሸፍን ጫማ ያደርጋል።

የዚህ ሁሉ ልፋት ዋና ዓላማ ሕመሙ እንዳይነሳ ማድረግ ነው። ሕመሙ ሲነሳ እግሩ ይቀላል፣ ይግላል፣ ይጠዘጥዛል፣ ሰውየው ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ለቀናት ከአልጋ አይወርድም። ብዙ ሰው "ምች ነው" ይለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን በተሰነጠቀ ቆዳ የገባ ጀርም ነው የሚያስነሳው። በተነሳበት ቀን ማረፍ፣ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ፋሻውን መፍታት፣ ፈሳሽ መጠጣት፣ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። ማስበጣትና ማስተኮስ ጉዳቱን ያብሳል።

ታዲያ ይህ እንክብካቤ እውነት ይሠራል ወይ? ሁለት መልስ አለን። በ2015 የታተመ አንድ ሥራ፣ ትንኝ የሚያስተላልፈው ዝሆኔ ባለባቸው አገሮች የተደረጉ 22 ጥናቶችን አሰባስቦ መዘነ። በንጽሕና ላይ ባተኮረው እንክብካቤ የተሳተፉ ሰዎች ሕመሙ የሚነሳባቸው ዕድል ካልተሳተፉት ወደ አንድ ሦስተኛ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ሁለተኛው መልስ የመጣው ከምሥራቅ ጎጃም አነደድ ወረዳ ነው። በዚያ 696 የፖዶኮኒዮሲስ ሕመምተኞች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ እንክብካቤውን ወዲያው ጀመሩ፣ ግማሾቹ ከ12 ወር በኋላ እንዲጀምሩ ተደረገ። ውጤቱ በ2018 ሲታተም ወዲያው በጀመሩት ላይ ሕመሙ በአማካይ በዓመት 19.4 ጊዜ፣ በዘገዩት ላይ 23.9 ጊዜ መነሳቱ ታወቀ። ቅናሹ አንድ አምስተኛ ገደማ ነው።

አንዱ ሁለት ሦስተኛ ቀነሰ ይላል፣ ሌላው አንድ አምስተኛ። ማንን እንመን? የልዩነቱ ከፊል ምክንያት በአሠራሩ ነው። ከ22ቱ ጥናቶች በርካታዎቹ ሰዎችን ከሕክምና በፊትና በኋላ ያወዳደሩ ናቸው፤ የጎጃሙ ግን በዕጣ ለይቶ ጎን ለጎን ያወዳደረ በመሆኑ ማስረጃው ጠንከር ይላል። የበሽታው ዓይነትና የቆጠራው ስልትም ይለያያል። ደግሞም የጎጃሙን አንድ አምስተኛ አትናቁት፤ አንድ ሰው በዓመት ውስጥ አራት አምስት ጊዜ ከአልጋ ቁራኛነት ተረፈ ማለት ነው። ለገበሬ ያ ማለት የእርሻ፣ የአረምና የአጨዳ ቀን ነው።

ነገር ግን ከነዚህ ቁጥሮች አንዱም የማይነግረን ነገር አለ። ሰዎቹ የተመከሩትን ምን ያህል አደረጉት? ያደረጉትን ምን አገዛቸው? ያላደረጉትን ምን ያዛቸው? ስለ መድኃኒት እንክብል የተደረጉ ጥናቶችን ደምሮ ማካፈል ይቻላል፤ እንክብሉ የትም ቦታ አንድ ነውና። ራስን መንከባከብ ግን በአንዱ ጥናት የአንድ ቀን ትምህርት ብቻ ይሆናል፣ በሌላው ሳሙናና ጫማ ይጨመርበታል፣ በሦስተኛው ጎረቤት በየወሩ እየመጣ ያያል። ሁሉንም "ራስን መንከባከብ" ብሎ በአንድ ቋት መክተት ስንዴና ገብስን አደባልቆ ምርቱ ስንት ነው እንደ ማለት ነው።

የባሕርይ ለውጥ ንድፈ ሐሳብ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ሰው ለጤናው የሚበጀውን እያወቀ ለምን አያደርግም የሚለው ጥያቄ አዲስ አይደለም። በ1950ዎቹ በአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት የሚሠሩ የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ባለሙያዎች፣ ሰዎች ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ለምን እንደማይመጡ ሲያጠኑ ሰውየው ስለ አደጋው፣ ስለ ጥቅሙና ስለ እንቅፋቱ ያለው እምነት ወሳኝ መሆኑን አዩ። በ1977 የሥነ ልቦና ባለሙያው አልበርት ባንዱራ "ይህን ማድረግ እችላለሁ" ብሎ በራስ መተማመን ያለውን ኃይል ጨመረበት። በ2011 ደግሞ የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሱዛን ሚቺና ባልደረቦቿ ቀደም ሲል የነበሩ 19 ማዕቀፎችን መርምረው ነገሩን በሦስት ጥያቄ ጠቀለሉት።

የመጀመሪያው ችሎታ ነው። ሰውየው ያውቃል ወይ? ሰውነቱስ ይፈቅድለታል ወይ? ሁለተኛው ምቹ ሁኔታ ነው። ውሃው፣ ሳሙናው፣ ልኩ የሆነ ጫማ፣ ጊዜው አለ ወይ? ቤተሰቡና ጎረቤቱስ ያግዘዋል ወይስ ያሸማቅቀዋል? ሦስተኛው ተነሳሽነት ነው። ይጠቅመኛል ብሎ ያምናል ወይ? ሳያስበው የሚያደርገው ልማድስ ሆኖለታል ወይ? ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ድርጊቱ አይጸናም።

አሁን ተመራማሪዎች በዚህ እንዴት እንደሚጠቀሙ እንይ። እያንዳንዱን ጥናት ያነባሉ፤ ለሰዎቹ በትክክል ምን እንደተደረገላቸው ነጥለው ያወጣሉ። ዕውቀት ተሰጠ? ግብ ተያዘ? ሰውየው የራሱን አፈጻጸም እንዲመዘግብ ተደረገ? አንድ ሰው እየመጣ አየው? ከዚያ የትኛው አካል ያለባቸው ጥናቶች የተሻለ ውጤት እንዳገኙ ያወዳድራሉ። በ2009 ሚቺና ባልደረቦቿ በአመጋገብና በሰውነት እንቅስቃሴ ላይ የተደረጉ 122 ሙከራዎችን በዚህ መንገድ አንድ በአንድ ፈተሹ። ሰው የራሱን ድርጊት እንዲከታተል ማድረግ፣ በተለይም ግብ ከመያዝና አፈጻጸሙን መልሶ ከመስማት ጋር ሲጣመር፣ የተሻለ ውጤት ካላቸው ሙከራዎች ጋር ተያይዞ ተገኘ። ይህ ምን ማድረግ እንዳለብን ይጠቁማል እንጂ የመጨረሻ ማረጋገጫ አይደለም፤ ሙከራዎቹ በሌላም ነገር ሊለያዩ ይችላሉና።

(አጭር ሙዚቃ)

ይህን መነጽር አድርገን ወደ አገራችን ጥናቶች እንመለስ። በ2012 የታተመ አንድ ጥናት በደቡብ ኢትዮጵያ ሕመምተኞች የእግር እንክብካቤ ክሊኒክ መከታተል ጀምረው ለምን እንደሚያቋርጡ ጠየቀ። ከተገኙት ምክንያቶች መካከል የክሊኒኩ ርቀት፣ ልዩ እርዳታ ጠብቆ ማጣት፣ ሰው ያየኛል የሚል ፍርሃትና ስለ ሕክምናው የተዛባ ግንዛቤ ነበሩ። በዝርዝር ሲታዩ የተበታተኑ ይመስላሉ። በሦስቱ ጥያቄዎች ስናስቀምጣቸው ግን ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ። ርቀት የምቹ ሁኔታ ጉዳይ ነው። የሰው ዓይን ፍርሃትም የምቹ ሁኔታ ነው፤ እዚህ ላይ የጎደለው መንገድ ሳይሆን የሰው ፊት ነው። የተዛባ ግንዛቤ የችሎታ ነው። የተጠበቀው እርዳታ ሲቀር ተስፋ መቁረጥ የተነሳሽነት ነው። ከእነዚህ ውስጥ ትምህርት በመስጠት ብቻ የሚፈታው አንዱ ነው። ሌሎቹን አሥር ጊዜ ብናስተምር አንፈታቸውም።

የአነደዱንም ሙከራ እንዲሁ እንመልከት። እግር ማጠብ፣ ቆዳን መንከባከብ፣ ፋሻ መጠቅለል፣ እግርን ማንቀሳቀስ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ሁሉም ነበረበት። ከዚህ ሌላ ከራሱ ከኅብረተሰቡ የተመረጡ፣ የጤና ባለሙያ ያልሆኑ ረዳቶች ወርሃዊ ስብሰባ እየጠሩ ሕመምተኞችን ይደግፉ ነበር። እንግዲህ ያንን አንድ አምስተኛ ቅናሽ ያመጣው ሳሙናው ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ነገ ሌላ ወረዳ ሳሙናውን አድሎ ስብሰባውን ቢተው የአነደድን ሙከራ ደገምኩ ማለት አይችልም።

ወደ ቤታችን ወደ አዊ ስንመጣ ኢንድፖይንት የተባለው የምርምር ሥራ አለ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲዲቲ አፍሪካ የተባለው የምርምር ማዕከልና በእንግሊዝ የብራይተንና ሰሴክስ የሕክምና ትምህርት ቤት ከሌሎች ጋር የሠሩት ነው። በጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ በሙከራ ተጀምሮ ከዚያ በዞናችን ወደ ሌሎች ወረዳዎች ሰፋ። ጥያቄው የእግር እብጠት እንክብካቤ በተለየ ፕሮጀክት ሳይሆን በመደበኛው የጤና አገልግሎት፣ በጤና ጣቢያና በጤና ኬላ በኩል እንዴት ይሰጣል የሚል ነበር። የፖዶኮኒዮሲስን፣ ትንኝ የሚያስተላልፈውን ዝሆኔና የሥጋ ደዌን እንክብካቤ አንድ ላይ አቀናጀ። ከእግሩ ጋር የሰውየውን ጭንቀትና ድብርት፣ መገለሉንም አብሮ ለማከም ተነሳ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ባለድርሻ አካላት ተቀምጠው ከየትኛው እርምጃ በኋላ የትኛው ለውጥ ይመጣል የሚለውን የለውጥ መንገድ በወረቀት ነደፉ። ይህ ብልህነት ነው፤ በኋላ አንድ ነገር ካልሠራ የተበጠሰው የቱ ጋ እንደሆነ ለማየት ይረዳልና።

ይህ ሁሉ ለእኛ ቤት ምን ይላል? ሦስት ቤቶችን እናስብ፤ የምሳሌ ቤቶች ናቸው።

በመጀመሪያው ቤት አንዲት አሮጊት እናት አሉ። ትምህርቱን ተከታትለዋል፣ ሳሙናም አላቸው። ወገባቸው ግን አይታጠፍላቸውም፤ እጃቸው ከቁርጭምጭሚታቸው በታች አይደርስም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በመጣች ቁጥር "እማማ፣ እግርዎን ይታጠቡ" ብትላቸው ምን ይፈይዳል? እርሳቸው የጎደላቸው የሰውነት አቅም ነው። መማር ያለባት አብራቸው የምትኖረው የልጅ ልጅ ናት፤ አስተጣጠቡን፣ በተለይ የጣት መካከሉን አደራረቅ ለእርሷ ማሳየት ነው።

በሁለተኛው ቤት አንድ ወጣት ገበሬ አለ። እግሩ ገና ማበጥ ጀምሯል። ጫማ አለው፤ ጫማው ግን የገበያና የቤተ ክርስቲያን ነው። በሬ ጠምዶ ጭቃ ውስጥ ሲገባ በባዶ እግሩ ነው፤ ብናኙ ደግሞ የሚገባው ያኔ ነው። ለእርሱ የጫማን ጥቅም መስበክ ለቄስ መጽሐፍ እንደ ማስተማር ነው። የሚያስፈልገው ለጭቃ የሚሆን ሌላ ጫማ ነው፤ ቦት ጫማ ወይም ጠንካራ ኮንጎ። ሁለተኛም ልማድ ነው። "ጊዜ ሳገኝ እታጠባለሁ" የሚለው አይያዝም። "በሬዎቹን ፈትቼ ሣር እንደሰጠሁ እግሬን እታጠባለሁ" ብሎ ድርጊቱን ሁልጊዜ ከሚሠራው ሥራ ጋር ቢያስረው ይያዛል። የታጠበበትን ቀን በግድግዳ ላይ በከሰል መስመር ቢያሰምር ደግሞ ራሱን መከታተል የሚባለው ያ ነው።

በሦስተኛው ቤት አንዲት ልጅ አለች። ሁሉን ታውቃለች፣ እቃውም አላት። ፋሻ ብጠቀልል ሰው ያውቅብኛል፣ ባል አላገኝም ብላ እግሯን በረጅም ቀሚስ ሸፍና ትውላለች። እርሷን የያዛት የእኛ አፍ ነው። ሕክምናው ያለውም በእኛ እጅ ነው። እድርተኛው፣ የማኅበሩ ሙሴ፣ ቄሱ፣ መምህሩ "ይህ ሕመም አይተላለፍም፤ ቢንከባከቡት ይሻሻላል" ብለው በሰው ፊት ቢናገሩ ለእርሷ ከአንድ ካርቶን ሳሙና ይበልጣል። እንደ እርሷ ያሉ ሰዎች በየወሩ የሚገናኙበት የራስ አገዝ ቡድን ቢኖር ደግሞ ብቻዋን እንዳልሆነች ታያለች።

ሦስቱም ቤቶች በመዝገብ ላይ "እንክብካቤውን አልተገበሩም" ተብለው በአንድ መስመር ሊጻፉ ይችላሉ። መፍትሔያቸው ግን አንዱ ከሌላው አይገናኝም። ጥናቶችን በንድፈ ሐሳብ ማቀናጀት ለእኛ ያለው ጥቅምም ይኸው ነው፤ "ሠራ ወይስ አልሠራም" ከሚለው አልፈን "ለማን፣ ምን ሲሟላለት ሠራ" ብለን እንድንጠይቅ ያደርገናል።

በጤና ኬላና በጤና ጣቢያ የምትሠሩ ባለሙያዎች፣ የእግር እብጠት ያለበት ሰው ስትጎበኙ "ለምን አልታጠብክም?" ከሚለው ጥያቄ በፊት እነዚህን ጠይቁ። አስተጣጠቡን እስቲ አሳየኝ? ውሃና ሳሙና ዛሬ ቤት ውስጥ አለ? ስትታጠብ ማን ያይሃል፣ ምን ይሉሃል? ካለፈው ወር ወዲህ ሕመሙ ስንት ጊዜ ተነሳብህ? የመጨረሻው ጥያቄ ሰውየው የልፋቱን ዋጋ ራሱ እንዲያየው ያደርጋል፤ ከአራት ወደ ሁለት ሲወርድ ያየ ሰው ሌላ ሰባኪ አይፈልግም።

ሕመምተኞችና ቤተሰቦችም፣ እብጠቱ ገና እንደጀመረ ወደ ጤና ኬላ ሂዱ። ሲጀምር የተያዘ እግር ሊመለስ ይችላል፣ የቆየው ደግሞ በእንክብካቤ ይሻላል። ልጆቻችሁን ከአሁኑ ጫማ አልምዱ፤ ለበዓል ብቻ ሳይሆን ከብት ሲጠብቁም።

በቡድን ሆናችሁ ለምታዳምጡን የመወያያ ጥያቄ እንተውላችሁ። በመንደራችሁ እግሩን መንከባከብ ያቋረጠ አንድ ሰው አስቡ፤ ስሙን አትጥሩ። የጎደለው ችሎታ ነው፣ ምቹ ሁኔታ ነው ወይስ ተነሳሽነት? ያንን ጉድለት ከመካከላችሁ ማን፣ መቼ፣ በምን ሊሞላው ይችላል? የሚያግዘውን ሰው ስም ጠርታችሁ፣ ቀን ቆርጣችሁ ተለያዩ።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን ሕመሙ ሲነሳ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ቤት ውስጥ ስለሚደረገው እርዳታ በስፋት እንነጋገራለን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)